የፒክአፕ የፊት ስታቢላይዘር ሲንኳኳ፦ ሊንክ መቀየር፣ ላስቲክ መቀየር ወይስ አውልቆ መጣል?

ደብል ጋቢና ፒክአፕ ኮብልስቶን ላይ ሲገባ ከፊት በኩል «ቋ፣ ቋ» ማለት ከጀመረ ባለቤቱ ጋራዥ ሲደርስ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰማል። አንዱ መካኒክ «ሊንኩን እንቀይረው» ይላል። ሌላው «የፊት እግሩ በሙሉ መሠራት አለበት» ብሎ ረጅም የዕቃ ዝርዝር ይጽፋል። ሦስተኛው ደግሞ «ስታቢላይዘሩን አውልቀን እንጣለው፤ ስንት ፒክአፕ ያለ እሱ ይሄድ የለም እንዴ!» ይላል። የሦስቱ ምክሮች ወጪ የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቅ፣ ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው በኪሱ ነው። የኪስ ነገር አይናቅም፤ ነገር ግን በጣም ርካሽ የሚመስለው ሦስተኛው ምክር ከሁሉም የሚከፋ ነው። በጣም ውዱ ደግሞ በአብዛኛው አያስፈልግም።

ይህን ንጽጽር ስጽፍ በሐሳቤ ያሉት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎና ሬቮ፣ ኢሱዙ ዲማክስ እና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ያሉ፣ የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱና ከኋላ በባሌስትራ የሚሄዱ ፒክአፖች ናቸው። የላንድክሩዘር ባለቤት ከሆኑና መኪናዎ ኬዲኤስኤስ የሚባለው በዘይት ግፊት የሚሠራ ስታቢላይዘር ካለው፣ ከታች ያለው ምክር ለእርስዎ አይደለም። ያንን ሥርዓት የሚያውቀው መካኒክ ብቻ ይንካው።

ስታቢላይዘር ከግራ ወደ ቀኝ በሻንሲው ስር የተዘረጋ፣ ጫፎቹ ወደ ጎማዎቹ የታጠፉ የብረት ዘንግ ነው። መሐሉን ሁለት ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎች፣ አቅፈው ይዘውት በማቀፊያ ብረት ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ጫፎቹ ደግሞ በሁለት ሊንኮች አማካይነት ከታችኛው አርም፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዘው ክንድ ጋር፣ ወይም እንደ ሞዴሉ ጎማውን ከሚሸከመው ክፍል ጋር ይያያዛሉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ዘንጉ በላስቲኮቹ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ ወይም መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲያጋድል ግን እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ በሚያደርገው ትግልም መኪናውን ቀና ያደርገዋል። ቀጥሎ ያለው ምርመራ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ በልብዎ ይያዙት።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን መለየት

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይፈልጉና ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡ አድርገው ቀስ ብለው ይለፉት። ከዚያ ያንኑ ጉብታ ሰያፍ ይዘው፣ አንዱ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ አድርገው ይድገሙት። በመጀመሪያው ዝም ብሎ በሁለተኛው ከተንኳኳ ጥርጣሬው ስታቢላይዘሩ ላይ ያርፋል። በሁለቱም እኩል ከተንኳኳ ግን ቦል ጆይንት (የአርሙ የኳስ መገጣጠሚያ)፣ የአርም ጎሚኒ ወይም የአሞርዛተሩ የላይ ማሰሪያ ሊሆን ስለሚችል የሊንክ ግዢውን ያቆዩት። ኮብልስቶን ላይ ድምፁ የሚብሰው፣ ድንጋዩ ግራና ቀኝ ጎማን በየተራ ስለሚመታ ነው። አስፋልት ላይ ዝም ያለ መኪና ኮንዶሚኒየም ግቢ ሲገባ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ይናገራል። ደረቅ የብረት «ቋ» ብዙ ጊዜ ያለቀ ሊንክ ነው። መኪናው ቆሞ ሰው ሲገባበትና ሲወርድበት የሚሰማ «ሲጥ፣ ሲጥ» ደግሞ የደረቀ የዘንግ ላስቲክን ያመለክታል።

ቀጥሎ በእጅ ማየት ነው፤ ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ጎን በክሪክ ያነሣና ሊንኩን ይዞ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ አልነቃነቅ ሲለው «ይሄ ጤነኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ጎማ ብቻ ሲንጠለጠል ዘንጉ ስለሚጠመዘዝ ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀ ሊንክ እንኳ የሚነቃነቅበት ክፍተት አያገኝም። ትክክለኛው መንገድ አራቱም ጎማ መሬት ላይ እንዳለ ከስር ገብቶ መሞከር ነው። አለበለዚያ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች እኩል አንሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ያለቀው ሊንክ በሁለት ጣት እየተጨበጠ «ቀጭ» ይላል፣ የተቀደደ የአቧራ መከላከያ ላስቲኩ ውስጥም ጭቃ የተለወሰ ግራሶ ይታያል።

አሁንም ከተጠራጠሩ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትተው፣ ዘንጉ ጎማ ወይም የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ በሽቦ ወደ ላይ አስረው፣ በሰፈር ውስጥ በጣም በዝግታ አንድ ዙር ይንዱ። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ተቋጨ። ሁለቱንም ነው የምለው፤ አንዱን ብቻ ፈትቶ መንዳት አንዱን ጫፍ እየተወዛወዘ እንዲመታ ከመልቀቅ ውጭ ምንም አያስረዳም። ሙከራው ካለቀ በኋላም መልሶ ማሰር ግዴታ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ አደገኛ መምታታት አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ ባለ አራት ጎማ ጉተታውን ጨምሮ በርካታ ፒክአፖች ከፊት በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር ነው ያላቸው። እሱም የብረት ዘንግ ነው፤ የተዘረጋው ግን ከፊት ወደ ኋላ፣ በሻንሲው ርዝመት ነው። የመኪናውን ክብደት የተሸከመው እሱ ስለሆነ ተወጥሮ ነው ያለው። ስታቢላይዘር መስሎት የቶርሽን ባርን ማስተካከያ ብሎን የሚፈታ ሰው በመኪናውም በራሱም ላይ ጉዳት ያመጣል። ወደ ጎን የተዘረጋው ስታቢላይዘር ነው፤ በርዝመት የሄደውን አይንኩት።

ሊንክ፦ ኦሪጅናል፣ ተመሳሳይ ወይስ ያገለገለ?

ሊንክ ከሁሉም ክፍሎች ቀድሞ የሚያልቀውና ለመቀየርም ቀላሉ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። በቪጎና በሬቮ ላይ የሚገኘው በሁለቱም ጫፉ ትንሽ የኳስ መገጣጠሚያ ያለው ነው። በቆዩት ኢሱዙዎች፣ ኒሳኖችና በብዙዎቹ የአሜሪካ ፒክአፖች ላይ ያለው ደግሞ ረጅም ብሎን ሆኖ በላስቲኮችና በሮንዴላዎች መካከል የሚያልፍ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ባለቤት ዕድለኛ ነው። ብሎኑ ካልታጠፈና ካልዛገ ላስቲኮቹን ብቻ በጥቂት ብር መቀየር ይችላል። የኳሱ ዓይነት ግን ሲያልቅ አይጠገንም። «ግራሶ እንሙላበት» የሚል ካለ ለጥቂት ቀን ዝምታ መክፈልዎ ነው።

ኦሪጅናሉ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ልኩ ግን አያጠራጥርም። ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከታይላንድ የሚመጡ የታወቁ ተመሳሳይ ምርቶችም አሉ፤ እኔ በዕድሜ ለገፋ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ የምመርጠው ከእነዚህ ነው። ችግሩ ስማቸው በታወቀ ቁጥር አስመስሎ የሚያትምባቸውም መብዛቱ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ትተው ዕቃውን ይፈትኑ። የኳሱን ዘንግ በጣትዎ ሲያዘነብሉት ጠበቅ ብሎ፣ ግን ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። ሱቅ ውስጥ ሳለ ልል ብሎ የሚወድቅ ሊንክ መኪና ላይ ወጥቶ አይጠነክርም። የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ከላይና ከታች በቀለበት የታሰረ መሆኑን፣ በብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍም የጠራ መሆኑን ይመልከቱ።

ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ያገለገለ ሊንክ መግዛትን ግን አልመክርም። ሊንክ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሌላ ሰው ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰበትን መግዛት ቁጠባ አይባልም። አዲሱ ሊንክ ከአንድ አሞርዛተር እጅግ ያነሰ ዋጋ አለው።

ጥንድ ወይስ ነጠላ? በእርጅና ያለቀ ከሆነ ጥንዱን ይቀይሩ፤ ሌላኛውም ተራውን እየጠበቀ ነው። ድንጋይ መትቶት የተሰበረና ሌላኛው ገና አዲስ ከሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ምንም አይደለም።

የዘንግ ላስቲክ፦ ተራው ወይስ ፖሊዩሬቴን?

ለሥራ ፒክአፕ መልሴ አጭር ነው፦ በልኩ የተሠራ ተራ ላስቲክ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሰው ሠራሽ ቁስ ከተራው ላስቲክ ጠንከር ያለ ስለሆነ ዘንጉ ቶሎ ሥራ እንዲጀምር ያደርጋል፣ መታጠፊያ ላይም ልዩነቱ ይሰማል። በአርሞች ላይ ከመግጠም ይልቅ በስታቢላይዘር ላይ መግጠሙ የተሻለ ውጤት እንዳለውም እቀበላለሁ። ነገር ግን በየጊዜው በሲሊኮን ግራሶ መቀባት ይፈልጋል። አቧራ የገባበትና የደረቀ ፖሊዩሬቴን የሚያወጣው ሲጥታ ካስወገዱት ድምፅ ሊብስ ይችላል። ሳምንቱን በሙሉ ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ያንን እንክብካቤ አያገኝም። አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ የሚሄዱ፣ መኪናቸውን በራሳቸው እጅ የሚንከባከቡ ሰዎች ግን ቢሞክሩት አይቆጩም።

ከአሮጌ ጎማ ወይም ከውስጥ ጎማ ተቆርጦ የሚጠቀለለው ላስቲክ ለመንገድ ማደሪያ ካልሆነ በቀር ዘለቄታ የለውም። የደረቀ ላስቲክ ላይ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ ሲጥታው ለጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ዘይቱ ግን ላስቲኩን እያበጠና እያለሰለሰ ይበላዋል። ተራ ግራሶም በጊዜ ብዛት ያንኑ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ የሚከፍልበት ነገር አለ። አዲስ ላስቲክ ገብቶ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድምፁ ይመለሳል፤ ጥፋቱም በዕቃው ላይ ይለጠፋል። ማቀፊያው ሲፈታ ዘንጉን በጨርቅ ጠርገው ይመልከቱት። ላስቲኩ የተቀመጠበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይሆናል፤ ባረጀ መኪና ላይ በጥፍር ሲዳስሱት ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ ሆኖ ይገኛል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አምጥተው ያንን ቦታና ከጎኑ ያለውን ያልተበላ ቦታ ይለኩ። ከጎኑ 28 ሚሊ ሜትር ሆኖ መቀመጫው ላይ 26 ካነበቡ፣ ለ28 የተሠራ ላስቲክ ያንን ክፍተት አይሞላውም። መፍትሔው ሌላ ላስቲክ አይደለም፣ ሌላ ዘንግ ነው። ይህን ልኬት ያለ ካሊፐር በዓይን መገመት አይቻልም፤ ጋራዡ ካሊፐር ከሌለው ተውሶም ቢሆን ማምጣት ይገባዋል።

ዘንጉ ራሱ፦ ያገለገለ፣ ብየዳ ወይስ ወፍራም?

በሊንክ ላይ ያልኩት እዚህ ላይ ይገለበጣል። ሶማሌ ተራ ለስታቢላይዘር ዘንግ ጥሩ ገበያ ነው። ያልተመታና በዝገት ያልተበላ ዘንግ እርጅና ብዙም አይጎዳውም። መሬቱ ለጥ ባለበት ቦታ አጋድመው ሁለቱ ጫፎች በእኩል ከፍታ መቀመጣቸውን ይዩ፤ አንዱ ከተነሣ ዘንጉ ተጠምዝዟል። የላስቲክ መቀመጫዎቹን በካሊፐር ይለኩ፣ የጫፎቹ ቀዳዳዎችም ሞላላ እንዳልሆኑ ያረጋግጡ።

የተሰበረ ዘንግ መበየድን አልቀበልም። ይህ ብረት በሙቀት ታክሞ እንደ ሞላ እንዲሠራ የተደረገ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ዘንጉ በጣም በተወጠረበት ሰዓት፣ ማለትም መታጠፊያ ላይ ነው።

ወፍራም ዘንግ የሚገጥሙም አሉ። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ከ28 ወደ 30 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻ ጥንካሬውን በ32 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማጋደሉ ይቀንሳል፤ በምትኩ አንድ ጎማ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ምቱ ወደ ጋቢናው ይመጣል። መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲገቡም የፊት ጎማዎቹ ቶሎ መያዝ ያቅታቸውና መሪው እየዞረ መኪናው ቀጥ ብሎ መግፋት ይጀምራል። ጭነት ሲይዝ የሚወዛወዝ ፒክአፕ አብዛኛው ችግሩ ከኋላ ነው፦ የደከመ ባሌስትራ፣ ያለቀ አሞርዛተር፣ የጎማ አየር ማነስ ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት። እነዚህ ሳይታዩ ወፍራም ስታቢላይዘር መግዛት በሽታውን ትቶ ሌላውን ማከም ነው።

አውልቆ መጣል

«ስንት ፒክአፕ ያለ እሱ ይሄዳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ከፊትም ባሌስትራ ያላቸው የድሮ ፒክአፖች አንዳንዶቹ ያለ ስታቢላይዘር ነው የተሠሩት። የእነሱ የፊት ባሌስትራ ግን ደረቅ ነው፤ ማጋደልን በራሱ ይቋቋማል፣ መሐንዲሱም ያንን አስልቶ ነው የሠራው። የቪጎ የፊት ሞላ ለምቾት ለስለስ ተደርጎ የተሠራው ማጋደሉን ስታቢላይዘሩ ይይዘዋል ተብሎ ነው። አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት የተሰላውን ሒሳብ ማፍረስ ነው።

ማውለቅ የሚጠቅምበት ቦታ እንዳለ አልክድም። በጣም በዝግታ በድንጋያማ ወንዝ ላይ የሚጓዝ መኪና ያለ ስታቢላይዘር ጎማዎቹ የበለጠ ይዘረጋሉ፣ መሬትም አይለቁም። ለዚህ ሥራ የተሠሩት ጂፕ ራንግለር ሩቢኮንና ራም ፓወር ዋገን ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ በማብሪያ የሚያላቅቀው የፊት ስታቢላይዘር አላቸው። ልብ ይበሉ፤ አምራቾቹ ያላቀቁት ለዝግታ ጉዞ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ዘንጉ መልሶ መያያዝ አለበት።

እኛ ጋ ግን አውልቆ የሚጥለው ሰው ወደ አስፋልት ነው የሚወጣው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ያስቡት፦ ከኋላ በጋቢናው ቁመት የተደረደረ የጤፍ ጆንያ ወይም በግማሽ የተሞላ የውሃ ታንከር፣ ከፊት ደግሞ ተራ የያዘ የጭነት መኪና። ሾፌሩ ድንገት መሪውን ቢጠመዝዝ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ መሪውን ሲመልስ ደግሞ በባሰ ጉልበት ወደ ሌላው ጎን ይመጣል። መኪና የሚገለብጠው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ውዝዋዜ ነው።

ፒክአፕ ሁሉም ክፍሉ ተሟልቶ እንኳ ለዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቴክኒከንስ ቫርልድ የተባለ የስዊድን መጽሔት አዲስ ሃይሉክስን ድንገተኛ መሰናክልን በማምለጥ ፈተና ላይ ሲሞክረው፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መኪናው በአንድ ጎን ጎማዎቹ ብቻ ቆመ። ቶዮታ ማስተካከያ አድርጎ በኋላ ፈተናውን አለፈ። ስታቢላይዘሩ በቦታው የነበረ፣ ጎማው አዲስ የሆነ፣ ሾፌሩም በሙያው የሠለጠነ ነበር። መረጋጋትን በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሥርዓት ያላቸው አዳዲስ ሞዴሎች ባለቤቶችም «ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል» ብለው እንዳይጽናኑ፤ ሥርዓቱ የተቃኘው ስታቢላይዘር ላለው መኪና ነው።

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ የግድ ፈትተው መቆየት ካለብዎት ባዶውን፣ በዝግታ፣ ለአጭር ጉዞ ብቻ ይንዱት፤ ለሌላ ሾፌር ከሰጡትም ይንገሩት። ሳይነግር የሰጠ ባለንብረት ከዕዳ አይድንም።

ከፍ ለተደረገ መኪና

ፒክአፕዎ ከፊት ከፍ ተደርጎ ከሆነና ሊንኩ በየጊዜው የሚያልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥራት ላይሆን ይችላል። መኪናው ሲነሣ ዘንጉና ሊንኩ የሚገናኙበት ማዕዘን ይጣመማል፣ ኳሱም ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ይሠራል። መፍትሔው ረዘም ያለ ሊንክ ወይም የዘንጉን ማቀፊያ ዝቅ የሚያደርግ ስፔሰር ነው። መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ሊንኩ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ወደ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከተጠጋ ተስተካክሏል።

ሲገጠም ቆመው የሚያዩት

የኳስ ሊንክ ዳዶ ሲጠብቅ የኳሱ ዘንግ አብሮ እንዳይዞር በአለን ቁልፍ ወይም በመፍቻ መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ የአቧራ መከላከያው በመጀመሪያው ቀን ይቀደዳል። የድሮው ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይጠይቁ። በረጅም ብሎኑ ዓይነት ላይ ላስቲኩ እንደ ሮንዴላው ስፋት እስኪያብጥ ይጠብቃል፤ ከዚያ አልፎ እስኪጨፈለቅ ማጥበቅ ላስቲኩን በጥቂት ጊዜ ይሰነጥቀዋል። የዘንጉ ማቀፊያ ብሎኖች በመጨረሻ አጥብቀው የሚታሰሩት መኪናው በአራቱም ጎማው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የላስቲኩ ስንጥቅ (ዘንጉ ላይ እንዲገባ የተቆረጠበት መስመር) ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ ይዞር የነበረው? ከመፈታቱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ለግዢ ሲሄዱ «የቪጎ ሊንክ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ባለ ሁለት ጎማ ጉተታውና ባለ አራቱ፣ እንዲሁም በተለያየ ዓመት የተሠሩት ሊለያዩ ስለሚችሉ የሻንሲ ቁጥሩን፣ በካሊፐር የተለካውን የዘንግ ውፍረትና የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። አሮጌውን ለሻጩ ሳይሰጡ ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው ርዝመቱን፣ የብሎኑን ውፍረትና የጫፎቹን አቅጣጫ ያስተያዩ፤ የግራና የቀኝ ሊንክ የሚለያይባቸው ሞዴሎች አሉና።